በፍራሹ መሃል የተቀመጠ ጫማ

ጋሬት በላ። ማንም ሳይጠራው ከመኝታ ክፍሉ ወርዶ፣ የወጥ ቤቱን ወንበር ስቦ ተቀመጠና እናቱ የጠበሰችለትን አራት እንቁላል ጠርጎ በላ። ቀጥሎ ዳቦ በማር። ቀጥሎ ደግሞ ለእንግዶች ተጋግሮ ከተሸፈነው የፖም ፓይ ጠርዙን በሹካ ቆረስ አድርጎ ቀና ብሎ እናቱን አያት። «ብላ! ብላ እንጂ! ሌላ እጋግራለሁ» አለችው ጃኔል፣ ድምፅዋ ሳታውቀው ከፍ ብሎ። በነጻ ትግል የተለከፈ ቤት ያውቀዋል፤ የምስጋና በዓል ሐሙስ ይውላል፣ ቅዳሜ ደግሞ ታጋዩ ከምድቡ ክብደት አለማለፉ የሚታይበት ሚዛን ላይ መውጣት አለ። አገር ምድሩ ለዓመት የሚሆነውን ሲበላ የጃኔል ልጅ ካሮትና ስስ የተርኪ ዶሮ ሥጋ ፊቱ ተቀምጦለት፣ ሰው ሲያኝክ እያየ ነው ያደገው። እናት ሆኖ ያንን ማየት! ዘንድሮ ግን በላ። እሷም መጥበሻውን እንደገና ስትጥድ ልቧ ዘለለ። ዳነ አለች በሆዷ፤ እሰይ፣ ልጄ ዳነ።

ከምኑ ዳነ ቢሏት ግን መልስ አልነበራትም። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው ማክሰኞ ነው፤ ከመጣ ጀምሮ መጋረጃውን ሳይከፍት ተኝቷል። «ደክሞኛል እማ» ከማለት በቀር ከአፉ የወጣ ነገር የለም። ስልኩ ሲጮህ አገላብጦ ይደፋዋል። ባለፈው መጋቢት በአገር አቀፉ ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፤ የዋተርሉ ከተማ ሰው ሱፐርማርኬት ውስጥ እንኳ እያስቆመ እንኳን ደስ ያላችሁ ሲላት ከረመ። እሱ ግን «ተሸነፍኩ» ነው ያለው፤ ከዚያ ወዲህ ያቺ ከትንሽነቱ ጀምሮ የምትታወቅ ሳቁ ከቤቱ ጠፍታለች። ጃኔል ድካም ነው አለች፤ ከዚያ ፈተና ነው አለች፤ ከዚያ ምናልባት ሴት ልጅ ይሆናል አለች። እናት ሰበብ አታጣም።

ባሏ ዱዌይን ተርኪውን የሚጠብስበትን የዘይት ድስት ጓሮ ጥዶ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። የልጁን ሳህን አየ። የእንቁላሉን ቅርፊት አየ። ከዚያ በዚያ ቤት ከእግዚአብሔር ይመስገን በፊት የምትጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ስንት ነህ?»

«አልተመዘንኩም።»

«እንዴት አልተመዘንክም?»

«በቃ፣ አልተመዘንኩም አባ።»

ዱዌይን ወደ መታጠቢያው ዞሮ እጁን ለረጅም ጊዜ ታጠበ። በትራክተር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ሰው የሚያዝ፣ የፋብሪካውን ጩኸት የሚበልጥ ድምፅ ያለው ሰውዬ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ንዴቱን የሚናገረው በዝምታ ነው። ጃኔል «ዛሬ በዓል ነው እኮ፣ ተወው» አለችው በለሆሳስ። «እኔ ምን አልኩ?» አላትና ወደ ድስቱ ተመለሰ። እውነቱን ነው፣ ምንም አላለም።

እንግዶቹ ብዙ አይደሉም፤ የዱዌይን እናት እማማ ፈርንና ወንድሙ ከርት ብቻ። ነገር ግን የምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች አንዱ እግሩ ተሰብሮ፣ አንዱ የልብስ ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ በየዓመቱ የምስጋና በዓል ቀን ጃኔል ወደ ምድር ቤት ትወርድና ከማሞቂያው ቦይለር ጀርባ ተጣጣፊዎቹን ወንበሮች ታወጣለች። ሌላ ሰው አይወርድም፤ የእሷ ሥራ ነው። ያን ቀንም ድንቹን ከፈጨች በኋላ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ወረደች። ምድር ቤቱ ምድር ቤት ይባል እንጂ የጋሬት ነው። ዱዌይን አንድ ትምህርት ቤት ጂምናዚየሙን ሲዘጋ የተጣለውን የትግል ፍራሽ በጓደኛው ካሚዮን ጭኖ አምጥቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንጥፎታል፤ ልጁ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሜዳሊያዎቹ በምስማር ተሰቅለዋል። ቤቱ ሁልጊዜ የድሮ ላብና የበረኪና ሽታ አለው። ጃኔል መብራቱን አበራችና ደረጃው ላይ ቆመች።

በፍራሹ መሃል፣ ልክ ታጋዮች የሚገጥሙበት ክብ ውስጥ፣ የጋሬት የትግል ጫማ ተቀምጧል። ግራና ቀኝ ጎን ለጎን፣ ጫፉ ወደ ደረጃው ዞሮ፣ ክሩ ተፈቶ።

እዚያ አገር ያንን አይቶ የማይገባው ሰው የለም። ታጋይ ትግል ሲያቆም ደብዳቤ አይጽፍም፣ ንግግር አያደርግም፤ ከመጨረሻው ግጥሚያው በኋላ ጫማውን ያወልቅና በፍራሹ መሃል አስቀምጦ በካልሲ ይወጣል። በቃኝ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማንም «ለምን?» አይለውም፤ ይነሳለታል፣ ይጨበጨብለታል። ዱዌይን ራሱ በወጣትነቱ ትከሻው ተሰብሮ በተሸነፈ ቀን እንዲያ ሲያደርግ ጃኔል አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ያ ግዙፍ ልጅ በካልሲው እያለቀሰ ሲወጣ አይታ ነው የወደደችው። ታዲያ የልጇ ጫማ ምን እንደሚል አጥታው ነው? አላጣችውም። አንብባ እንደጨረሰች ሰው ነው ደረጃው ላይ ቁጭ ያለችው።

መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነበር፤ ይህን ማንም አይውሰድባት። እፎይ አለች። ነገር ግን እፎይታው ወዲያው ሌላ ነገር አስከትሎ መጣ። ዱዌይን ላይ ጓሮ ሆኖ እያፏጨ ዘይቱን ያማስላል። እማማ ፈርን በመንገድ ላይ ናቸው። ከርት ቀልዱን አዘጋጅቶ እየመጣ ነው። ዛሬ ይህ ከተነገረ በዓሉ በዓል አይሆንም፤ ተርኪው ይቀዘቅዛል፣ ዱዌይን አንድ ቃል ሳይተነፍስ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ግን ከዚህ ሁሉ በታች ለማንም የማትናገረው ሌላ ነገር ነበር፤ የጂምናዚየሙ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያለው ቦታዋ አሳዘናት። የልጇ ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ጎረቤቶቿ ትከሻዋን የሚነኳት ነገር። ሱፐርማርኬት ውስጥ «የጋሬት እናት» መባሏ። እሷ ራሷ በሕይወቷ በምንም አልታወቀችም፤ በዚህ ግን ታውቃለች። እና ሰው ነች። ጫማውን አነሳችው። ክሩን እንደልማዷ ወደ ውስጥ ከተተችና ሁልጊዜ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «ለዛሬ ብቻ» አለች ጮክ ብላ፣ ማንም በሌለበት ቤት። «እንግዶቹ ሲሄዱ አናግረዋለሁ።» ሁለት ወንበር በብብቷ ይዛ ወጣች።

ስትወጣ ጋሬት ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ወንበሮቹን ተቀበላት። ፊቷን አየ፤ ብዙ ቆይቶ አየ። ጃኔል «አመሰግናለሁ የኔ ጌታ፣ እዚያ ጋ አድርጋቸው» ብላ ወደ ኦቨኑ ዞረች። ኦቨኑ ውስጥ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም፣ በሩን ግን ከፍታ ዘጋችው።

ገበታው ሲሞላ ከርት ገና ከመቀመጡ ጀመረ። «ዓይኔ ነው ወይስ ልጁ እየበላ ነው? ዱዌይን፣ ካሜራ አምጣ! ለታሪክ ይቀመጥ!» ጋሬት ፈገግ አለ። «ከባድ ሚዛን ልትገባ ነው እንዴ? እንደሱ ከሆነ እኔም ልመዝገብ፣ ሆዴን አየኸው አይደል?» እማማ ፈርን በከዘራቸው ጠረጴዛውን ከሥር መታ መታ አደረጉት፤ «ተወው ልጁን፣ ይብላበት! በአርባ ዓመት አንዴ ቢበላ ምን ሆነ?» ሁሉም ሳቀ። ዱዌይንም ሳቀ፤ ግን የልጁን እያንዳንዷን ጉርሻ በዓይኑ ይመዝን ነበር። መረቁ ሲዞር፣ የተፈጨው ድንች ሲዞር፣ እያንዳንዱ ጭልፋ ወደ ጋሬት ሳህን ሲወርድ የዱዌይን መንጋጋ ይጠብቃል። ጃኔል ይህን እያየች ለልጇ ጨመረችለት፤ ጨመረችለት። ባሏን እየተበቀለችው ይሁን ልጇን እየካሰችው፣ ራሷም አላወቀችም።

እንደ ልማዱ እያንዳንዱ የሚያመሰግንበትን ነገር በተራ መናገር ነበረበት። እማማ ፈርን ስለ ጉልበታቸው አመሰገኑ፤ ቀዶ ጥገናው ሠምሮላቸዋል። ከርት ከሚስቱ ስለተፋታ አመሰገነ፤ እማማ ፈርን በከዘራ ነኩት። ዱዌይን ጉሮሮውን ጠረገና «እኔ ስለ ቅዳሜ አመሰግናለሁ» አለ፤ ከርት አጨበጨበ። ከዚያ የጋሬት ተራ ሆነ። ሹካውን አስቀመጠ።

«እኔ» አለ፣ «እማ ወንበሮቹን ስላመጣች አመሰግናለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ወንበር! እኛ ስንቱን ስናስብ!» አለ ከርት። እማማ ፈርን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጋሬት አልሳቀም፤ እናቱን ብቻ ነበር የሚያያት። በሩን ከፍቶላት እንድትገባ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። ጃኔልም ሳቀች። «ምን አለበት፣ ወንበርም ያስፈልጋል» አለችና መረቁን አቀበለችው። ዕድሜዋን ሁሉ ያን መረቅ ታስታውሰዋለች፤ እጇ ላይ ትንሽ ፈስሶ ነበር፣ ለብ ያለ ነበር።

ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ኳስ ሊያዩ ሳሎን ገቡ። ጋሬት ተጣጣፊዎቹን ወንበሮች አንስቶ «እኔ ልመልሳቸው» አለ። «ተዋቸው! ተዋቸው፣ እኔ አወርዳቸዋለሁ!» አለች ጃኔል በድንጋጤ፤ እሱ ግን በሩን ከፍቶ ወርዷል። እሷ ሳህን እየጠረገች ጆሮዋን ቀሰረች። የደረጃው ድምፅ ተሰማ። ወንበሮቹ ከግድግዳው ጋር ሲጋጩ ተሰማ። ከዚያ ምንም። አንዱን ሳህን ደጋግማ ጠረገችው። ጋሬት ሲወጣ ተቆጥቶ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ አልተቆጣም። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። «አመሰግናለሁ እማ፤ ምግቡ በጣም ጥሩ ነበር» አላት፣ ሰው ቤት ተጋብዞ እንደዋለ እንግዳ። የቀረበለትን የዱባ ፓይ በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረገና «ለአጎቴ ስጪው» አለ። ወደ ላይ ወጣ። ሲመለስ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ፣ ከላይ ቱታ ለብሶ፣ ከሥር የለበሰው፣ ላብ የሚያወጣው ላስቲክ ሲራመድ ይንኮሻኮሽ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለች።

«ልሮጥ።»

«በዚህ ብርድ? አሁን በልተህ?»

«ስለበላሁ ነዋ።»

ከሳሎን ዱዌይን ቀና ብሎ አየውና ፊቱ እንደ ሻማ በራ። «ይኸው! አላልኳችሁም? የኔ ልጅ!» ከርት ፉጨቱን ለቀቀው። ጋሬት ጎንበስ ብሎ አያቱን ሳማቸው፤ በሩ ተዘጋ። እማማ ፈርን እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው በሩን እያዩ ቀሩ። «ጃኔል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይሄ ልጅ ምን ሆኗል? ሲስመኝ እኮ እጁ እንደ በረዶ ነው።» «ደክሞት ነው እማማ» አለች። ይህን ቃል ማክሰኞ ለጎረቤት፣ ትናንት ለእህቷ በስልክ ብላዋለች፤ አሁን ግን ከአፏ ሲወጣ ራሷን አስጠላት። ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ምድር ቤት ሮጠች። መደርደሪያው ባዶ ነው። ጫማውን ወስዶታል፤ ወደ ቦርሳው፣ ወደ ቅዳሜ። ወንበሮቹ በቦታቸው ቆመዋል። ያን ጊዜ ነው ወንበሮቹን እያየች የገባት። በየዓመቱ ወደዚህ የምትወርደው እሷ ብቻ ናት። ይህን ያውቃል። ጫማውን ያስቀመጠው ለአባቱ አልነበረም። ለእሷ ነበር፤ ፊት ለፊት ሊላት ያልቻለውን ነው ያስቀመጠላት። እሷም አንስታ መለሰችለት።

ዱዌይን ሶፋው ላይ እንቅልፍና ኳስ መሃል ነበር። ፊቱ ቆመች። «ጋሬት ትግሉን ሊተው ነበር» አለችው። «ጫማውን ፍራሹ መሃል አስቀምጦት አገኘሁ። እኔ አነሳሁት።» ዱዌይን የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋ። ይጮሃል ብላ ጠበቀች፤ «ለምን አነሳሽው?» ይላል፣ ወይም «ደግ አደረግሽ» ይላል። እሱ ግን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«አሰልጣኙ ደውሎልኝ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ወሩ መጀመሪያ ላይ። ከአልጋ አይነሳም፣ ክፍል አይገባም አለኝ። ሐኪም ይየው አለ... የአእምሮ ሐኪም። ቤት ይምጣና እናስተካክለዋለን አልኩት። ፍራሽ ላይ ሲወጣ ይለቀዋል አልኩት።»

«ለእኔ አልነገርከኝም!»

«በዓሉ እስኪያልፍ ብዬ ነው» አለ ዱዌይን።

ጃኔል ሽርጧን ፈትታ ካፖርቷን አነሳች። ከርት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የመኪናውን ቁልፍ አቀበላቸው፤ «እናቴ ጋ እኔ አለሁ፣ ሂዱ» አለ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከተማው ጭር ብሏል፤ ሱቁ ሁሉ ዝግ፣ በየመስኮቱ ሰማያዊ የቴሌቪዥን ብርሃን። ዱዌይን በዝግታ እየነዳ፣ ጃኔል የእግረኛ መንገዱን በዓይኗ እየጠረገች፣ ልጁ ዘወትር በሚሮጥበት መንገድ ሄዱ። ከሁለቱ አንዳቸውም ወንዝ የሚል ቃል ከአፋቸው አላወጡም፤ መኪናው ግን ወደ ሲዳር ወንዝ ድልድይ ዞረ። ድልድዩ መሃል ላይ አዩት። አይሮጥም። ቆሟል፤ ሁለት ክንዱን ብረቱ ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ። ጃኔል መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። «ጋሬት!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ከወንዙ ማዶ ተመልሶ መጣ። ልጁ ዞር አለ። ምን ሊያደርግ እንደነበር አልጠየቀችውም፤ እሱም አልነገራትም፤ ምናልባት ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር። ምናልባት። እጁን ይዛ እንደ ሕፃን ወደ መኪናው አስገባችውና ከኋላ አብራው ተቀመጠች። ላቡ ላዩ ላይ ቀዝቅዞ፣ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

«አይቼው ነበር» አለችው። «ጫማህን።»

«አውቃለሁ። ክሩን ወደ ውስጥ የምትከቺው አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እንግዶቹ እስኪሄዱ ብዬ ነው እኮ! ልጄ፣ በኋላ ላናግርህ ብዬ ነው።»

«እኔ ያ መልስሽ መስሎኝ ነበር» አለ ጋሬት። ቂም አልነበረበትም፤ እንዲሁ የሆነውን ነገር መናገሩ ነው። ጃኔል ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይቅር በለኝ አለችው፤ ደጋግማ አለችው።

ዱዌይን በመስታወቱ አያቸው። የሚናገረው ነገር ፈለገ፤ እንዲህ ላለው ነገር ቃል ተምሮ አያውቅም። አባቱም አላስተማሩት። እጁ ግን የሚያውቀውን አደረገ፤ ልጁ መብረዱን አይቶ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፈተው። ሙቀቱ እየነፈሰ ወደ ኋላ መጣ። ወዲያው ጋሬት ከእናቱ እቅፍ ቀና አለ። የቱታውን ዚፕ እስከ አገጩ ሳበ። ኮፍያውን ደፋ። መስኮቱ መዘጋቱን በእጁ ፈተሸ፤ ከእግሩ ሥር አንድ ባዶ ጠርሙስ ፈልጎ አነሳና ምራቁን እየተፋ ይሞላ ጀመር። ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሚዛን ሲሄዱ አባቱ ማሞቂያውን እንዲህ ይከፍትለት ነበር፤ ላቡ እንዲወርድ፣ ምራቅም ክብደት ነውና ጠርሙስ ውስጥ እንዲተፋ። ዛሬ ማንም አላዘዘውም።

ዱዌይን መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመው። ዞሮ ልጁን ለማየት ሞከረ።

«ለብርዱ ነው፣ ልጄ» አለ። «እንድትሞቅ ብዬ ነው እኮ። ሌላ አይደለም።»

«እሺ አባ» አለ ጋሬት፤ ጠርሙሱን ግን ከአፉ አላራቀም።